የልጅ ማሳደጊያ ፍቺን አይጠብቅም

ዛሬ የምንነጋገረው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ወላጆች «ቻይልድ ሳፖርት» ስለምንለው የልጅ ማሳደጊያ ነው።

ባልና ሚስት ተኳርፈው ቤት ሲለያዩ ሽማግሌ ይገባል። ሽምግልናው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሀል «ገና መቼ ተፋታንና!» እየተባለ የልጆቹ ወጪ በአንዱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ተለያይተው እስከኖሩ ድረስ ልጆቹን የያዘው ወላጅ፣ እናትም ይሁን አባት፣ ማሳደጊያ መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻው የፍቺ ክስ አይደለም፤ የዕርቅ በርም አይዘጋም።

ስሌቱ የሁለቱንም ገቢ ያያል። አባት በወር 6,000፣ እናት 4,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። ልጆቹ እናት ጋ ከሆኑና በሕጉ የማሳደጊያ ሰንጠረዥ የወጣው ወጪ ለምሳሌ 1,500 ዶላር ከሆነ፣ የአባት ድርሻ 60 በመቶ፣ ማለትም 900 ዶላር ነው። የሕፃናት መዋያና የጤና ኢንሹራንስ ወጪም እንደየገቢያቸው ይከፋፈላል።

ብዙዎቻችን የምንቸገረው በጥሬ ገንዘብ ነው። አባት ቅዳሜ መጥቶ 500 ዶላር ለእናት በእጇ ይሰጣል፤ ለልጁም ጫማ ይገዛል። ኋላ ክርክር ሲመጣ ደረሰኝ የለም፤ ጫማውም እንደ ስጦታ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ክፍያው ማስረጃ ይኑረው። ትእዛዝ ከወጣ ደግሞ በልጅ ማሳደጊያ መሥሪያ ቤቱ በኩል ይከፈል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደሞዝ ይቆረጣል።

ሥራ ያጣ ወይም ገቢው የቀነሰ ሰው ሳይውል ሳያድር ማሻሻያ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ከማመልከቻው በፊት የተጠራቀመውን ውዝፍ ዳኛም ቢሆን መቀነስ አይችልም። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ያስከለክላል። ዜግነት የሚጠይቅም ልጁን መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ከተወ፣ ማመልከቻው ሊወድቅበት ይችላል።

«ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም»፣ «ካልከፈለ አላሳየውም» ማለትም አያዋጣም፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

ማሳደጊያ የሚከፈልበት ዕድሜም እንደየቦታው ይለያያል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 18 ሲሆን፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሰ እስከ 19 ሊዘልቅ ይችላል፤ በዲሲ ግን እስከ 21 ነው።

ሽማግሌዎቻችንም፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ የልጆቹን የወር ወጪ በጽሑፍ አስጨርሱ። ሆኖም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ስምምነቱን ማስፈጸም ይከብዳል። ዕርቁ ቢዘገይም ልጆቹ ምግብም ቤትም የሚያስፈልጋቸው ዛሬ ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።