የመጅና የብዕር ሕመም



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ሁሉ የመንገዱን ጥምዝምዝ ያስታውሰዋል። ተሳፋሪው ገደሉን ሲመለከት ሾፌሩ መሪውን ቀኝና ግራ ያዞራል፤ ማርሽ ይቀይራል። አንዱ መዞር ብቻውን አይጎዳም። ይህንኑ ለዓመታት ሲደጋግሙት ግን ትከሻና የእጅ አንጓ ሊታመም ይችላል። የዛሬው ንግግሬም በድግግሞሽ ስለሚመጣ ጉዳት ነው።

ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት በእጅ አንጓ ላይ፣ ሰይፍ በሰገባው እንደሚመላለስ፣ በሽፋኑ ውስጥ ይመላለሳል። ምልልሱ በዝቶ ዕረፍት ሲያጣ ሽፋኑ ያብጣል። በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። እብጠቱ ነርቩን ሲጫነው አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመኻል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ሌሊት ይብሳል። አጥብቆ መጨበጥ፣ አንጓን አጥፎ መሥራትና ንዝረት ጉዳቱን ያፋጥኑታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1713 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጸሐፊዎችን ሕመም ከእጃቸው ያላቋረጠ እንቅስቃሴ ጋራ አያይዞታል። በሶርያ አቡ ሁረይራ በተባለው ጥንታዊ መንደር የተገኙ ዐፅሞችም በጉልበት፣ በወገብና በእግር አውራ ጣት ላይ ጉዳት ታይቶባቸዋል፤ ተመራማሪዎች ይህን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ከመፍጨት የመጣ፣ በተለይም የሴቶች ጉዳት ነው ብለውታል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። እናቶቻችን በመጅ ሲፈጩ ኖረዋል። የሞተር ወፍጮ ይህን ድካም ቢያቀልላቸውም ፈትሉ፣ ሊጡ፣ የልብሱ እጥበት አልቀረም። እናት «እጄ ደነዘዘ» ስትል እኛ «ብርድ ነው» እንላለን፤ ሠራተኛ ሲታመም «ሰነፈ» እንላለን። ምክንያቱን በነፋስና በጠባይ ስንፈልግ በሥራው ውስጥ ያለውን ሳናይ እንቀራለን። እኛም ብንሆን ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ስንገለብጥ ወይም ስልክ በአውራ ጣት ስንነካካ ያው ነገር ይደርስብናል።

ስለዚህ ሕመም ሳይጀምር ማረፍ፣ ሥራን መለዋወጥ፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ድንዛዜው ካልለቀቀም ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ እናታችን አንጓዋን ስታሻሽ ብናይ፣ ምክር ከመስጠታችን በፊት ከሥራዋ እንካፈል።