የወታደሩን ጉዳይ ማን ይናገርለት?

(ለአገልግሎታችን ደጋፊዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት ከተማ አንድ የቀድሞ ወታደር ወደ ቢሮአችን ይመላለስ ነበር። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። መጀመሪያ ሲመጣ 25 ኪሎ ስንዴ ሰጠነው። ሁለተኛ ሲመጣ ዘይት ጨመርንለት። ሦስተኛ ሲመጣ ክረምት ስለነበረ ብርድ ልብስም አከልንለት። በአራተኛው ግን አፋችንን ሳንከፍት፥ «ዛሬስ ስንዴ ፈልጌ አልመጣሁም፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ፈልጌ ነው» አለን። ከደረት ኪሱም በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። በቦርድ ከሠራዊቱ የተሰናበተበት ማስረጃ ነው። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ከመቀደዱ የተነሣ ቁጥሩ አይነበብም። ሦስቱን ጊዜ ስንዴ ስንሰጠው ያ ወረቀት በዚያው ኪስ ውስጥ ነበረ። እኛ አልጠየቅነውም።

ደብዳቤውን ጻፍንለት፤ ይዞት አዲስ አበባ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ፥ በአንድ ክፍል አብረውት ያገለገሉ ሦስት ምስክሮች አምጣ መባሉን ነገረን። «ግማሾቹ በምሽግ ቀርተዋል፤ የተረፉት የት እንደወደቁ በምን ዐውቃለሁ?» አለ። በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ሰው፥ ቀጥሎም ሌላ፥ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ። ሁሉም በየፊናቸው ለአውቶቡስ ከፍለው፥ በየፊናቸው አልጋ ተከራይተው፥ በአንድ መስኮት አንድ ዐይነት መልስ ሰምተው የተመለሱ ናቸው። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያንና በቀበሌ አስነግረን አንድ ቅዳሜ በአዳራሻችን ሰበሰብናቸው። 27 ሰዎች መጡ፤ ከእነርሱም አራቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ነበሩ። ያ እግሩን ያጣው ሰው ከሚፈልጋቸው ምስክሮች ሁለቱ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተገኙ። አንደኛው ከገበያው ማዶ ሎተሪ እያዞረ ዓመታት የኖረ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ስለ ጉዳያቸው የሚናገርላቸው ማኅበር ያስፈልጋቸዋል ማለት የጀመርነው። ስንዴው አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ስንዴ ምስክር አያገኝም፥ ፋይል አያስፈልግም፥ የሚኒስቴር በር አያንኳኳም።

ወታደር ከሌላው ሠራተኛ የሚለይበት ነገር አለ። መምህሩ የመምህራን ማኅበር፥ የፋብሪካ ሠራተኛው የሠራተኛ ማኅበር፥ ገበሬውም የኅብረት ሥራ ማኅበር አለው። ወታደሩ ግን ሥራ አላቆምም፥ ትእዛዝ አልመልስም ብሎ ምሏል። መሐላው ትክክል ነው፤ ያለ እርሱ ሠራዊት የለም። ግን ሌላው ሰው በገዛ አፉ የሚጠይቀውን እርሱ መጠየቅ ስለማይችል፥ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ሌላ አካል ሊኖር ይገባል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ በአገራችን አይተናል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፥ መኮንኖቹ ከሚቀዱበት ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፤ ምግባቸውም የማይበላ ነበር። አለቆቻቸውን አሰሩ። ጉዳዩን ሊያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራልም ይዘው፥ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። በየካቲት ደግሞ በአስመራ የሰፈረው ጦር በደመወዝ ጉዳይ ተነሣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው የምንል የዋሆች አይደለንም፤ የወሎ ረኃብም፥ የቤንዚን ዋጋም፥ የመሬት ጥያቄም ነበረ። ይሁን እንጂ የንጹሕ ውሃ አቤቱታ የሚቀርብበት በር ቢኖር ኖሮ ጠመንጃ አንሥቶ መጠየቅ ባላስፈለገ ነበር።

በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች ይህን በር ከፍተዋል። በምዕራብ ጀርመን ሠራዊቱ እንደገና በተቋቋመ ማግሥት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956፥ የወታደሮች ማኅበር ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም አለ። ፈረንሳይ ወታደር የሙያ ማኅበር እንዳያቋቁም ትከለክል ነበር፤ በ2014 ግን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፍጹም ክልከላው መብት የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። በእነዚህ አገሮች ማኅበሩ ጦር አያዝም፥ ሥራ አያስቆምም። ስለ ደመወዝ፥ ስለ መኖሪያ ቤት፥ ስለ ጉዳት ካሳ ይነጋገራል።

የእኛ አገር ወታደር ሌላም ችግር አለበት። ውለታው በመንግሥት ላይ ነው፤ መንግሥት ግን ይለወጣል። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፥ ከ500 በላይ ቆሰሉ፥ አንድም ሰው አልተማረከም። በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ ሐውልት ቆመላቸው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን አገራችን የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነች፤ ዘማቾቹ ስለ ዘመቻቸው ደፍረው መናገር የማይመቻቸው ጊዜ መጣ። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ ግን በማኅበር ተሰባስበው መናገር ቻሉ። ደቡብ ኮሪያውያን ሊረዱ ሲመጡ የሚያነጋግሩት ማኅበር፥ የሚያዩት የስም ዝርዝር ነበረ። ለዘማቾቹ የገንዘብ ድጋፍ፥ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአፍንጮ በር መታሰቢያ ቆመላቸው። ቁስሉም ያው የዱሮው ቁስል ነው፥ ሰዎቹም ያው ሰዎች ናቸው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ይህን አላገኘም። ቁጥሩ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ብዙዎቹ ከእርሻ ላይ ተመልምለው የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ከኤርትራ በእግሩ ወደ ሱዳን የተሻገረ አለ፤ በአዲስ አበባ መንገድ መለዮውን እንደለበሰ የለመነም አለ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ እውነቱን መናገር አለብንና፥ ለብዙዎች ቀለብ፥ ለገጠሬዎቹም በሬና ዘር አድርሷል። ነገር ግን ኮሚሽን ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የቀረ ጉዳይ ያለው ሰው ወዴት ይሂድ? ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነትም የዘመቱ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ ተሰናብተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ አወጣ። የእነዚህም ጥያቄ ነገ በየመስኮቱ ይበተናል ብለን እንሠጋለን።

ማኅበር ሲኖር ምን እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመቀሌ የትግራይ ጦር ጉዳተኞች ማኅበር በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እየታገዘ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራ ማዕከል ሲያስተዳድር ቆይቷል። ለራሳቸው ብለው የጀመሩት ነገር ለሲቪሉም ተረፈ።

አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፥ «መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮችን ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላላቸውምን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛ የመለስነው ዮሐንስ የተናገረው ደመወዝ ለሚከፈላቸው፥ ሕዝቡንም ለሚዘርፉ ነው ብለን ነው። ዘጠኝ ቀን መንገድ ዳር ያደረው ሰው የማንን ዘረፈ? ዳዊትም በቦሦር ወንዝ ደክመው የቀሩትን ሁለት መቶ ሰዎች አስቡ። ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ ድርሻ አይገባቸውም አሉ። ዳዊት ተናገረላቸው፤ እኩል ድርሻም ለእስራኤል ሥርዐት ሆነ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙን፤ እንዳመኑልን እንኳ እርግጠኞች አይደለንም።

ከዚህ የበለጠ የከበደን ሌላ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ በአዳራሻችን የንጉሡን ዘመን ወታደር ልጅ፥ በደርግ ጊዜ የዘመተ፥ እርሱን ሲዋጋ የነበረ፥ በቅርቡም ጦርነት የቆሰለ ወጣት አብረው ተገኙ። አንዱ ተነሥቶ፥ «ወንድሜን ከገደለ ሰው ጋር በአንድ መዝገብ አልጻፍም» ብሎ ወጣ። ተከትለን ወጥተን ለመንነው፤ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። ልንፈርድበት አንደፍርም። ነገር ግን የአንድ ዘመን ወታደሮች ብቻ ማኅበር ዘመኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። መለዮ ይለወጣል፥ ባንዲራም ላይ ያለው ምልክት ይለወጣል፤ የተቆረጠ እግር ግን አይበቅልም። ስለዚህ የቀሩት ለመመዝገቢያ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲኖር ተስማሙ፤ አገልግለሃል ወይ የሚል። ለማን የሚለው አይጠየቅም። ይህን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ ቡና እያፈላን ነበር።

ስለ ሕጉም እንንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። የአካል ጉዳተኞች መብትም በዚያ ውስጥ ይቆጠር ነበር። እንደ እኛ ያሉ ድርጅቶች ስንዴ ብቻ መስጠትን የለመድንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ያን ክልከላ አነሣ። ልማዳችን ግን ከአዋጁ ጋር አልተነሣም ነበር።

አሁን አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መርጠዋል፤ ከአምስቱ አንዷ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ጸሐፊያቸውም እርስዋ ናት። ያለባቸውን ጉዳይ በአንድ መዝገብ አስፍረው፥ አንድ ጉዳይ ያላቸውን በአንድ ማመልከቻ ያቀርባሉ። ሃያ ሰባቱ መሄዳቸው ቀርቶ ሁለቱ ይሄዳሉ። እኛ የምንከፍለው ለፎቶ ኮፒ፥ ለሁለቱ መጓጓዣና ለአዳራሹ መብራት ነው። በሪፖርታችን ላይ የከረጢት ስንዴ ፎቶግራፍ እንዳነሰ የጻፋችሁልን አላችሁ፤ የመዝገብ ፎቶግራፍ ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን።

ከሃያ ሰባቱ የዐሥራ አንዱ ጉዳይ መልስ አግኝቷል። እግሩን ያጣው ሰው ግን ሦስተኛው ምስክር ይጐድለዋል። ጎንደር አካባቢ አንድ የክፍሉ ሰው እንዳለ ሎተሪ የሚያዞረው ወዳጁ ሰምቷል፤ በሚመጣው ሳምንት ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ተነሥተዋል። የመንገዱን ወጪ ሸፍነናል።