እናቱ ብቻ የምታውቀው ቋንቋ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንድናገር ሲጠይቀኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ዊልቸር የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። ዊልቸርም ያስፈልጋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በአፋቸው መናገር ስለማይችሉ፣ ወይም ንግግራቸው ለሌላ ሰው ስለማይገባ ልጆችና ጎልማሶች ነው። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ የዕድገት እክል ካለባቸው መካከል እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው።

«የዲዳን ቋንቋ እናቱ ታውቃለች» ይባላል። ቃሉን የተጠቀምኩት ለተረቱ ስል ነው፤ ይቅርታ። ተረቱ እውነት አለው። ታዲያ እናቱ በሌለች ቀንስ?

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ እማማ የምላቸው ጎረቤት ነበሩ። ልጃቸው ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ አይራመድም፣ አይናገርም። ዛሬ ሳስበው ሴሬብራል ፓልሲ ነበር፤ ገና በማደግ ላይ ባለ አእምሮ ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር። እማማ ግን ልጃቸው የሚለውን ሁሉ ያውቁ ነበር። አንገቱን ወደ በሩ ሲያዞር «ፀሐይ ፈለገ» ይላሉ። ምላሱን ሲያወጣ ውሃ ነው። አገጩን በክንዱ ሲመታ «አሞታል» ብለው የነካኩትን ሁሉ ትተው ይነሣሉ።

እሳቸው ሲያርፉ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ልጁን ዘመዶቹ ወሰዱት፤ ደግ ሰዎች ነበሩ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጁ እህል እምቢ አለ። «እናቱን አጥቶ ነው» ተባለ። ጠበል ተወሰደ። አገጩን ደጋግሞ ሲመታ ራሱን እንዳይጎዳ ብለው እጁን በነጠላ አሰሩት። ጤና ጣቢያ የተወሰደው ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው፤ ጥርሱ መግል ቋጥሮ ነበር። ጥርሱ ተነቅሎ በሦስተኛው ቀን ገንፎ በላ።

የታሰረው እጅ «አሞኛል» የሚልበት እጁ ነበር። እኔ ምልክቱን አውቀው ነበር። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት አፌን አልከፍትም ብዬ ዝም አልኩ። ይህንን እስከ ዛሬ በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። አሜሪካ መጥቼ ነርስነት ተማርኩ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት፣ እኔ ባለሁበት ክፍል ተኛ። በአፉ አይናገርም። ተረኞቹ «ሕመም አለህ?» ሲሉት ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። መዝገቡ ላይ «መልስ አልሰጠም» ተብሎ ተጽፏል። ትንፋሹን ሰምተው ደረቱን የመረመሩም ነበሩ። ሳቃችሁ፤ አዎ፣ እኛ ዘንድ እኮ ያ «አዎ» ነው! ልጁ ሙሉ ቀን በአማርኛ ሲመልስላቸው ነበር።

እኔም ግን አጠፋሁ። ነገሩ ስለገባኝ ደስ ብሎኝ ወደ እናቱ ዞርኩና «የት የት ነው የሚያመው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱን ጠይቂው እንጂ፤ የሚያመው እሱን ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ እሱን ጠየቅኩት። በማግስቱ «ቅንድብ ከፍ፦ አዎ። ዓይን ጨፈን፦ አይደለም» የሚል ወረቀት ከአልጋው ራስጌ ተለጠፈ። አንዲት ወረቀት ነች። እናቱ ቤታቸው ሄደው ማረፍ የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በሙያው አማራጭ የመግባቢያ ዘዴ የሚባለው ይኸው ነው። ከቅንድብና ከዓይን ይጀምራል። ኩባያ አንሥቶ ማሳየት አለበት፤ ሥዕልና ፎቶ የተለጠፈበት ሰሌዳ አለበት፤ ሲነኩት ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያና ታብሌትም አለበት። ታብሌት ጥሩ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ወረቀቱ ያስፈልጋል። ማንበብ ለሚችል ደግሞ የፊደል ገበታችን ራሱ መሣሪያ ነው። በ33ቱ ረድፎች ላይ ጣታችንን እናስኬዳለን፤ ቅንድቡን ሲያነሣ እንቆማለን። ከዚያ በዚያው ረድፍ ላይ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን እስከ ሳብዕ እንጠይቃለን። «ውሃ» ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

ወላጆች «ሥዕል ካስለመድነው መናገሩን ይተዋል» ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች ያሳዩት ግን እንዲህ ያለው ዘዴ ንግግርን እንደማያስቀር ነው፤ ለአንዳንድ ልጆች እንዲያውም ንግግራቸው ጨምሯል። «ምኑ ይገባዋል ብለሽ ነው?» የሚሉኝም አሉ። አለመናገር አለመረዳት ማለት አይደለም። የሚያውቀውን የምናውቀው የሚመልስበት መንገድ ስንሰጠው ነው።

አያያዙን ባጭሩ ልንገራችሁ። የምትጠይቁት ሰው እሱን ራሱን ይሁን። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ እኛ ቸኩለን መልሱን ከአፋችን እናወጣለታለን። ስትናገሩ እናንተም ሥዕሉን እየነካችሁ ተናገሩ፤ ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው ሲነገር እየሰማ አይደል? ሰሌዳው ላይ ምግብና ሽንት ቤት ብቻ አይኑር፤ «አልፈልግም»፣ «አሞኛል»፣ «ተወኝ»፣ «እየቀለድኩ ነው» ይኑሩበት። ልጁ ቢያጠፋም ሰሌዳውን ለቅጣት አትውሰዱበት፤ ምላሱን እንደመቁረጥ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይዞ ፊደል ማስነካት ተለምዶ ነበር። ሲመረመር ግን መልእክቱ የሚመጣው ከያዘው ሰው ሆኖ ተገኝቷል፤ የያዘው ሰው ሳይታወቀው ማለት ነው። የአሜሪካ የንግግር ባለሙያዎች ማኅበርም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ አትጠቀሙ ብሏል። ሰሌዳውን ያዙለት፤ እጁን ግን አትምሩት።

ሕመምን በተመለከተ እኛ ነርሶች ፊትን፣ እግርን፣ እንቅስቃሴን፣ ለቅሶንና ሲያባብሉት መጽናናቱን አይተን ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 እንሰጣለን፤ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል። መናገር ለማይችሉ ልጆች በተሻሻለው መለኪያ ላይ ቤተሰብ የልጁን የራሱን ምልክት ይጨምርበታል። በእኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ «አገጩን በክንዱ ይመታል» ተብሎ ይጻፍበት ነበር።

ይህ ልመናም ምጽዋትም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 2 እንዲህ ያሉትን ዘዴዎች ከመግባቢያ መንገዶች ቆጥሯቸዋል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በአገራችን መንገዱን ከጠረጉት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 አርፈዋል፤ ማዕከሉ ግን ቀርቷል።

ከማኅበራችን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በከተማችን እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት እንሙላለት፦ አዎ የሚለው እንዴት ነው፣ አይደለም የሚለውስ፣ ሲያመው ምን ያደርጋል፣ ምን ያስደስተዋል። አንዱ ቅጂ ቤት፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በከተማችን የሚታወቁት ዕቃዎች የተሣሉበት፣ በፕላስቲክ የተለበጠ የሥዕል ሰሌዳ እናሳትም፤ ጀበናውም፣ መቋሚያውም፣ ባጃጁም ይኑሩበት። ሦስተኛ፣ ለጤና ጣቢያው ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለመምህራን አጭር ሥልጠና ይሰጥ። እኔና ሌሎች በሙያው ያለን አባላት በቪዲዮ ያለ ክፍያ እናስተምራለን።

ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ካለ «ይምጣና ሰላም ልበለው» በሉ። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁት፣ እስከ አሥር ቁጠሩ። የእማማን ልጅ እንደዚያ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የሰሌዳውን ናሙናና ባዶውን ገጽ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ።