ቅጠል ለምን ይቀላል? ለልጆች በአማርኛ ስለ ማስረዳት
(ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ለሚያስተምሩ የማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ቀይና ቢጫ ቅጠል ለቅመው ወደ ቤት ይገባሉ። «እማዬ፣ ይኸ ለምን ቀላ?» ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ «ብርድ መትቶት ነዋ» የሚል ነው፤ አለዚያም «አስተማሪሽን ጠይቂያት» ይባላሉ። በዚህ ወላጆችን መውቀስ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ላይ ግን ረጅሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ሲጠጋ፣ አጭሩ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በአገራችን ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ቢኖርም በአብዛኛው የሚያራግፈው በድርቅ ምክንያት ነው። እናቲቱ በልጅነቷ ያላየችውን ነገር ከየት አምጥታ ታስረዳ?

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቅጠሉ ነገር ብቻ አይደለም። ልጁ ስለ ፍጥረት የሚጠይቀው ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመለስለት ከሆነ፣ አማርኛ ለሰላምታና ለወጥ ብቻ የተፈጠረ ቋንቋ ይመስለዋል። በ12 ዓመቱ እንዲህ ያሰበውን ልጅ በ20 ዓመቱ መመለስ ከባድ ነው።

ገና ስንጀምር የሚያደናቅፈን የወቅቱ ስም ነው። መዝገበ ቃላት ገልጠን «መፀው» ወይም «በልግ» እንላለን። መፀው ግን በእኛ ባሕረ ሐሳብ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው፣ ክረምቱ አልፎ አበባው የሚታይበት፣ እህሉም የሚደርስበት ወቅት ነው። በልግም ለገበሬያችን ከየካቲት ጀምሮ የሚዘንበው ትንሹ ዝናም ነው። ስለዚህ «ቅጠል የሚረግፍበት ወራት» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል እላለሁ። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ልጁን አያሳስትም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ቀለም ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ለዛፉ ምግብ የሚሠራውም እሱ ነው። ክሎሮፊል በበጋቸው ወራት ሁልጊዜ እየፈረሰ ሁልጊዜ ይታደሳል። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ ማደሱን ይተዋል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለውንም ናይትሮጅን ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይሰበስባል። ይህ ለገበሬ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጤፍ ማሳ በኅዳር ሲነጣ ከቅጠሉ ውስጥ ያለው ሀብት ወደ ፍሬው እየሄደ ነው። እንግዲህ ቅጠሉን ብርድ አልመታውም፤ ዛፉ ራሱ ጓዙን እየጠቀለለ ነው። እንዲያውም ውርጭ ቶሎ ከመታው ቅጠሉ ይጠወልግና ቡናማ ይሆናል እንጂ አያምርም።

ቢጫውና ቀዩ አመጣጣቸው የተለያየ ስለ ሆነ ለየብቻ ማስተማር ያስፈልጋል። ቢጫው ካሮቲኖይድ ይባላል፤ ከመጀመሪያውም በቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ለዚህ ሙዝ ይበቃል፤ ሲበስል አረንጓዴው ይጠፋና ቢጫው ይገለጣል። (ሙዙ የሚበላው ከትምህርቱ በኋላ ነው።) ቀዩ ግን በአብዛኛው በዚያው ሰሞን ከስኳር አዲስ የሚሠራ አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው። ለዚህ ደግሞ ቃሪያን አምጡ፤ ቀለሙ ሌላ ዓይነት ቢሆንም፣ ቃሪያ ቀልቶ በርበሬ የሚሆነው አዲስ ቀለም ሠርቶ ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱም ሳይበርድ ቀዝቀዝ ያለ እንደ ሆነ ሜፕል የሚባለው ዛፍ እጅግ ይቀላል። ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን ከጥላው ጎን ጋር እንዲያስተያዩ አድርጉ።

ቃል ብቻ አይበቃም፤ ሙከራ አሳዩ። ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ቆራርጣችሁ በብርጭቆ አልኮል ውስጥ አድርጉ፤ ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ሳሕን ላይ አስቀምጡ። እሳት በአጠገቡ እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ አልኮሉንም ልጅ አይንካው። አልኮሉ ሲያረነጉድ ከቡና ማጥለያ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ ጫፉን ንከሩበት። ቀለሙ ወረቀቱን እየወጣ ይሄድና አረንጓዴውና ቢጫው ይለያያሉ። ቢጫው ተደብቆ እንደ ነበረ ልጁ በዓይኑ ያያል። ይህን ቀለም የመለየት ዘዴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው ሚካኤል ጽቬት የተባለ የሩሲያ የእፅዋት ሊቅ ነው፤ «ጽቬት» በሩሲያ ቋንቋ «ቀለም» ማለት መሆኑን ስትነግሯቸው ልጆቹ ይሥቃሉ፤ ስሙንም አይረሱትም።

አንድ ብልህ ልጅ «ሊረግፍ ለተቃረበ ቅጠል ዛፉ ለምን ደክሞ ቀይ ቀለም ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ቅጠሉ ሀብቱን እስኪያስረክብ ድረስ ከኃይለኛ ብርሃን የሚጠብቀው ጥላ ነው ይላሉ። ሃሚልተንና ብራውን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ባወጡት ጽሑፍ፣ ደማቁ ቀለም ተባዮችን «እዚህ አትጠጉ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው የሚል አሳብ አቅርበዋል። ሁለቱንም ንገሩትና የትኛው እንደሚመስለው ጠይቁት፤ መልሱን ግን በአማርኛ ይስጥ። ቃል ሲያጥረው እንግሊዝኛውን አትንጠቁት፤ ትክክለኛውን ቃል ቀስ ብላችሁ አቀብሉት።

በሚመጣው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ቅጠል ይዛችሁ ኑ፤ ሁለቱ ገና ያልቀሉ ይሁኑ። አልኮሉንና ወረቀቱን ማኅበሩ ያቀርባል።