የቤተ መዘክር ትምህርት የተማረ ሰው ሥራው የት ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት በተመራቂዎች መካከል ተደጋግሞ ከተሰማው ጥያቄ አንዱ፥ «የሥነ ጥበብ ታሪክና የቤተ መዘክር አያያዝ የተማረ ሰው ወዴት ይቀጠራል?» የሚለው ነው። ሐኪም ሆስፒታል አለው፤ መሐንዲስ መንገድ አለው፤ ሕግ የተማረውንም ችሎት ይጠብቀዋል። የእኛን ትምህርት የተማረ ግን አዲስ አበባ ያሉትን ጥቂት ቤተ መዘክሮች ይቈጥርና፥ በየወንበሩ ሰው ተቀምጦ ባየ ጊዜ ተስፋ ይቈርጣል። ከዚያም ማመልከቻውን ይዞ ዞሮ ዞሮ፥ ከትምህርቱ ጋራ ምንም ግንኙነት የሌለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሓፊ ይሆናል። ዛሬ የተነሣሁት፥ ወንበሩን የምንፈልገው ዕቃው በሌለበት ቦታ ነው ለማለት ነው።

ስለማውቀው አገር ልናገር። ከጉና ተራራ ወዲያ ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ይገኛሉ። ይህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት ተማሪ ሲያስመርቅ የኖረ ነው። ድጓ ሊያስተምር የሚሻ ሰው የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ገብቶ ነው፤ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክርም እዚያው ጋይንት፥ ዙር አባ ነው። ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ምሩቅ ኑሮው ጠባብ ቢሆንም፥ ሥራው የት እንዳለ ያውቃል፤ ደብር ባለበት ሁሉ ነውና።

ወደዚሁ ወደ ቤተልሔም እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ እንግዳ መጣ። ቶማስ ፓከንሃም ይባላል፤ በዚያው ዓመት ከኦክስፎርድ የተመረቀ፥ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከውጭ ሲያዩት ክብ ሣር ክዳን የሆነው ቤተ ክርስቲያን፥ በውስጡ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ባለ አራት ማእዘን የድንጋይ ሕንፃ እንደያዘ አየ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው፤ ለውጭ ሊቃውንትም አዲስ ግኝት ሆነ። ነገር ግን ቤቱ ለቤተልሔም ካህናት መቼ ጠፍቶባቸው ያውቃል? ለድጓ ተማሪውስ መቼ ተሰውሮበት ያውቃል? እንግዳው ከእነርሱ አብልጦ አላወቀም። እነርሱ የሚያውቁትን በጽሑፍ አኖረ፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። የእኛም ሙያ ሥሩ ይኸው ነው፤ የታወቀውን መጻፍ፥ የተጻፈውን መጠበቅ፥ የተጠበቀውን ማሳየት።

የዚህ ሙያ ጥቅም ቀድሞ የገባው ለባዕድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ አብሮ ዘምቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ወደ ሎንዶን የተጓዙት 350 ያህል ብራናዎች ብዙ ሳይቈዩ ካታሎግ ተዘጋጀላቸው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1877 ታተመ። እኛ የራሳችንን ብራና ለማየት እስከ ዛሬ የባዕድ መዝገብ እንገልጣለን።

ሙያው እንጀራ አያበላም የሚሉ ደግሞ ሁለት ሰዎችን ያስታውሱ። ስታኒስላው ኾይናትስኪ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፥ መስቀሉንም ሥዕሉንም እየሰበሰበ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር መሠረት ጣለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሚክሮፊልም የተነሡትን 9 ሺህ ያህል ብራናዎች በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጠው እያነበቡ ብዙውን የሥራ ዘመናቸውን ለካታሎጉ ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተቀበሉ። ሁለቱም የጀመሩት ባዶ ወንበር አግኝተው አይደለም፤ ሥራው ወንበሩን ፈጠረላቸው።

መዝገብ ስለሌለ ምን እንደሚጎድል በአንድ ነገር ልግለጽ። እ.ኤ.አ. በ1997 አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል ተሰረቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤልጅግ አገር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ተመለሰ። መስቀሉ ስምና ፎቶግራፍ ስለነበረው፥ ይህ የእኔ ነው ለማለት ተቻለ። ከስማዳ ቆላ አንድ ጽና፥ ከእስቴ አንድ ድጓ ቢጠፋስ? ገበዙ «ነበረን» ይላል፤ ሻጩ «ማስረጃህን አምጣ» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜም ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። በጦርነት ጊዜ መጥፋቱ እንኳ ሳይታወቅ የሚጠፋው ያልተጻፈው ዕቃ ነውና።

«ካህናቱ ዕቃ ቤታቸውን አይከፍቱልንም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፤ ምክንያትም አላቸው። ዝርዝሩ በክፉ ሰው እጅ ቢወድቅ ለሌባ መንገድ ማሳያ ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ የሚታተም አይደለም፤ አንዱ ቅጂ በደብሩ፥ ሌላው በሕግ በተፈቀደለት መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ይቀመጥ። ደግሞም ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን እንደ ቀራጭ ከመግባታችን በፊት፥ ከገበዙ እግር ሥር ቁጭ ብለን እንማር። ይህ መስቀል ማን እንደሰጠው፥ ያ ሥዕል በየትኛው በዓል እንደሚገለጥ የሚያውቀው እርሱ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለም?

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር፤ የእኛም ክፍል ሰላም በሆነበት ወረዳ ሁሉ ቢያንስ ለአንድ መንፈቅ ይህን ይሞክር። ሁለተኛ፥ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ላይ ቢሠራ፥ በካህናቱ ፈቃድ ያዘጋጀው መዝገብ እንደ ጽሑፍ ይቈጠርለት። ሦስተኛ፥ ኅብረታችን በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለዚህ ትምህርት ምሩቅ አንድ የሥራ መደብ እንዲከፈት አቤቱታ ያቅርብ። አቤቱታችን ሰሚ የሚያገኘው ግን፥ የጋይንትን ወይም የእስቴን አንድ ደብር መዝገብ በእጃችን ይዘን «ይህን ሠርተናል፤ የቀረውም ይህን ያህል ነው» ለማለት በቻልን ጊዜ ነው።

ጓደኞቼ፥ ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አልደብቅም። ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ተቀምጦ የሚሠራ ምሩቅ፥ አዲስ አበባ የቀረው ባልንጀራው መኪና ሲገዛ ይሰማ ይሆናል። ነገር ግን «ወዴት እቀጠራለሁ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ ይህ ነው፤ ሥራው ተቈልፎ የተቀመጠው በየደብሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉም በገበዙ እጅ ነው። ሄደን በትሕትና እንጠይቀው።