ስለ ገመድ አልባ ማይክሮፎን የድምፅ ልክ የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል እንድናገርበት የታዘዝሁት ነገር ለሚሰማው ታናሽ ይመስላል። ነገር ግን በዐውደ ምሕረት የሚነገረው ቃል ከዛፉ ጥላ ሥር ለተቀመጡት፥ ጆሮአቸው ለደከመ እናቶች መድረሱና አለመድረሱ በዚሁ ታናሽ ነገር ነው። ይኸውም በእጅ የሚያዘው ገመድ አልባ ማይክሮፎን ነው።

ድምፅ በሻከረ ጊዜ ብዙ ሰው ጥፋቱን በሞንታርቦው ላይ ያደርጋል። ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከሰባኪው እጅ ሳይወጣ ነው። በማይክሮፎኑ እጀታ ውስጥ ድምፁን በአየር ሞገድ ወደ ተቀባዩ ሣጥን የሚልክ አስተላላፊ አለ። አስተላላፊውም ድምፅን የሚቀበልበት ልክ አለው፤ በመሣሪያው ላይ ሴንሲቲቪቲ ወይም ጌይን ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ልኩ ከፍ ብሎ ሳለ ሰባኪው ቢጮኽ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ የተቆረጠውን ድምፅ በሚክሰር ቢያሳንሱት የሻከረው ያንሳል እንጂ አይጠራም። ልኩ እጅግ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ድምፁን በሚክሰር ሲያጎሉት እሽሽ የሚለው የመሣሪያው ድምፅ አብሮ ይጎላል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የእጀታው ልክ ይስተካከል። ይህም በለሆሳስ «አንድ፥ ሁለት» እያሉ አይሆንም። ሰባኪው በስብከቱ መካከል እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር፤ ዘማሪቱም ከፍ ያለውን ዜማ ታሰማ። በዚያን ጊዜ በተቀባዩ ላይ ፒክ የሚለው ምልክት ደጋግሞ ቢበራ ልኩን መቀነስ ይገባል። በአንዳንድ የዜንሃይዘር ማይክሮፎን ልኩ ከ0 እስከ 48 ዴሲቤል ድረስ በ6 በ6 ይወርዳል፤ 6 ዴሲቤል ማለትም የሞገዱን ቁመት በግማሽ መቀነስ ነው።

ርቀትም እንዲሁ ያደርጋል። ከአፍ 5 ሳንቲሜትር የነበረው ማይክሮፎን ወደ 10 ቢርቅ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ወደ 20 ቢርቅ 12 ያህል። እንግዲህ እጁን እያወዛወዘ የሚሰብክ ሰው የተስተካከለውን ሁሉ በራሱ እጅ ያፈርሰዋል።

በእኛ ዘንድ የሚከብደው አንዱ ማይክሮፎን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው። ድምፃቸው የቀጠነ አረጋዊ አባት ያነቡበታል፤ ወዲያው ወጣቱ ሰባኪ ይቀበላቸዋል፤ ከዚያ መዘምራን ከነከበሮአቸው ይቀርባሉ። እንደ እኔ አሳብ ልኩ ከሁሉ ለሚበረታው ድምፅ ይደረግ። ለአረጋዊው አባት ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ማቅረብ፥ የቀረውንም በሚክሰር መጨመር ይበቃል። ሁለት ማይክሮፎን ከተገኘ ግን አንዱ በልካቸው ተስተካክሎ ለእርሳቸው ብቻ ይቀመጥ። (ማይክሮፎንን በጥፍር እየመቱ የሚፈትኑትንስ ምን ልበላቸው!)

ፉጨት ሲነሣ ሁሉም ወደ ልኩ ይሮጣል። አስቀድሞ የያዡን እጅ ማየት ይሻላል። የማይክሮፎኑ ወንፊት በመዳፍ ከተከበበ ከፊት ብቻ ይሰማ የነበረው ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ የሞንታርቦውን ድምፅ መልሶ ሲቀበል ያፏጫል። በሞንታርቦ ፊት መቆምም እንዲሁ ነው። ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ አንቴናው ያለበት የእጀታው ግርጌ በእጅ ተሸፍኖ፥ ወይም ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ይህን የልክ ማስተካከል አያድነውም።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ቁጥሩ ተጽፎ በሚክሰሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ መሣሪያው መቆለፊያ ያለው እንደ ሆነ ይቆለፍ። ባትሪውንም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንዱ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ይመልከት።