የሚፈላው ድንጋይና የቆቦ አገዳ

(በተመራቂዎች የመገናኘት በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ እሺ ብዬ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና የመጣሁት ስለ ድንጋይ ላወራ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኬሚስቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስሳሳት እጃችሁን አውጡ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ራያ ቆላ ውስጥ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት በሳንባ ምች የተያዘች የሁለት ዓመት ልጅ ከኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ጋር አያይዘን አስተኛናት። መሣሪያው ያጓራል፣ አየሩም ይወጣል፤ የልጅቷ ኦክስጅን ግን ይወርዳል። ከወልድያ ሲሊንደር እስኪመጣ እናቷና እኔ ጣቷ ላይ የታሰረው መሣሪያ የሚያሳየውን ቁጥር ስናይ አደርን። ልጅቷ ተረፈች። በኋላ የመጣው የጥገና ባለሙያ መሣሪያውን ፈትቶ ጤፍ የሚያህሉ ነጭ እንክብሎች መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። «ዶክተር፣ የሞተው ይኼ ነው፤ እርጥበት ገብቶበታል» አለኝ።

ዚዮላይት ያ ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ክሮንስቴት ነው፣ በ1756 እ.ኤ.አ.። ድንጋዩን ሲያሞቀው እንፋሎት ስለወጣው በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል ሲሆን ውስጡ እንደ ወንፊት በእኩል ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የእኛ መሣሪያ አየሩን ጨምቆ ያስገባበታል፤ ከአየሩ 78 በመቶ የሆነው ናይትሮጅን እዚያው ይያዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ ናይትሮጅኑ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጀመራል። ውሃ ቀድሞ ቀዳዳውን ከያዘ ግን ለናይትሮጅን ቦታ የለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለዚህ ድንጋይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ያየሁት ትንሹ ሥራው ነው። ዜድ ኤስ ኤም 5 የሚባለው ዓይነት ቀዳዳው ግማሽ ናኖሜትር ያህል ነው፤ ቤንዚንን ያሳልፋል። ቤንዚን ስል መኪና ላይ የምንቀዳውን ሳይሆን ኬሚስቶቹ ባለስድስት ካርቦን ቀለበቱን የሚጠሩበትን ነው። እንጨት ወይም አገዳ አየር በሌለበት ወደ 500 ዲግሪ ሲሞቅ ይተናል። ትነቱ በዚህ ዚዮላይት ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ውሃና የካርቦን ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ለፕላስቲክ፣ ለቀለም፣ ለመድኃኒት መነሻ የሚሆን ፈሳሽ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ሁበርና ባልደረቦቹ ከእንጨት ስኳሮችና ከሴሉሎስ በዚህ መንገድ እንዲህ ያሉ ውህዶች እንደሚገኙ አሳዩ። በ2010 ደግሞ የካልቴኩ ማርክ ዴቪስ ቡድን ቆርቆሮ የገባበት ዚዮላይት ውሃ ውስጥ ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ እንደሚለውጥ አሳተመ። ይኼን ሳነብ ቆም አልኩ፤ እኛ ባዮኬሚስትሪ ላይ የሸመደድነውን የኢንዛይም ሥራ ድንጋይ ሲሠራው!

ችግሩም ሐኪም የሚያውቀው ዓይነት ነው። ቀዳዳው በከሰል ይደፈናል፣ ልክ እንደ ደም ሥር። መፍትሔው አየር ነፍቶ ከሰሉን ማቃጠል ነው፤ ለደም ሥር ግን አይሆንም።

አገራችን በዚህ ባዕድ አይደለችም። በ2013 እ.ኤ.አ. ስፔናዊቷ ኢዛቤል ዲያዝ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር ያሳተመችው ጥናት በኢትዮጵያ የሚገኝ የተፈጥሮ ዚዮላይት የመጠጥ ውሃን ፍሎራይድ ለማስወገድ እንደሚውል የሚመረምር ነው። ስምጥ ሸለቆ የሠራችሁ ጥርሱ የበለዘ ልጅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ዘዴው ድንጋዩ ላይ ሃይድሮክሲአፓታይት ማብቀል ነው፤ እሱ ደግሞ የራሳችን አጥንትና ጥርስ የተሠራበት ማዕድን ነው።

አሁን ወደ ቆቦ ልመለስ። ይኼን ሁሉ አንብቤ በጉጉት ለአንድ ታካሚዬ፣ ለአንድ አዛውንት ገበሬ፣ አገዳችሁ ገንዘብ ነው አልኳቸው። «ልጄ፣ አገዳውን ወሰድሽ እንበል፤ ከብቱስ?» አሉኝ። አፈርኩ። ጽሑፎቹ «ተረፈ ምርት» ይሉታል፤ ቆቦ ግን የሚተርፍ የለም። መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። ገበሬው አጭር የማሽላ ዘር ሲመጣለት ፊቱን የሚያዞረውም ለዚህ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ ረጅም ስለሆኑ ይወደዳሉ።

እና ያ አገዳ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እኔ በየቀኑ አያለሁ። ባልተሟላ መቃጠል ቤንዚንም ሌላውም ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ እናትየው ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ይስበዋል። ፋብሪካው ጠርሙስ ውስጥ የሚፈልገውን እኛ ሳንባ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ልጁ ታሞ ይመጣና በዚዮላይት ኦክስጅን እንሰጠዋለን።

ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ጠባብ ነገር ነው፤ ከብት የማይበላውን፣ የአገዳውን ወፍራም ታችኛ ክፍል ብቻ እዩልኝ። እሱም ማገዶ መሆኑን አልረሳሁም፤ ከወሰድን ለእናቶቹ ምን እንደምንተካ አብረን እንነጋገር። አንድ እስር መኪናዬ ውስጥ አለ፣ ጅጉርቲ ነው። የቆረጡልኝ እኚያው አዛውንት ናቸው። ከምሳ በኋላ ላቦራቶሪ አደርሰዋለሁ፤ የሚያሸክመኝ ሰው ካለ ደስ ይለኛል።